የዕቅድ ውይይት፦ ያለ ኦቭን የሚሠሩ የቤት ጣፋጮች ሥልጠና (የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም)

ፀሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ እነሆ። ሥልጠናው ለአራት እሑድ ይቆያል፤ በየእሑዱ አንድ ጣፋጭ ይሠራል፤ በአንድ ዙር 12 አባል ይሳተፋል፤ ቦታው ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ሕንፃው) ነው። ለጊዜው የተጻፉት ስፖንጅ ኬክ፣ ክሬም ካራሜል፣ የዳቦ ፑዲንግ እና ኩኪስ ናቸው። የጎደለውን ሙሉ፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

የብሎክ 27 ተወካይ (ዳቦ ጋጋሪ)፦ ስፖንጅ ኬክና ኩኪስ ይውጡ። ኩኪስ ኦቭን ይፈልጋል፤ አብዛኛው ቤት ያለው ምድጃና ምጣድ ነው። ስፖንጅ ደግሞ አምስት ስድስት እንቁላል ይበላል፤ የሚነሳውም በተመታው የእንቁላል አረፋ ስለሆነ መምቻ ማሽን የሌለው ሰው ክንዱ ዝሎ ኬኩም ጠፍጣፋ ይወጣል። በቦታው በድስት የሚጋገር የጾም ኬክ ይግባ። ድፎ ዳቦ በላይና በታች እሳት ሲበስል ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም።

መጠኑ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጋገሪያ ነው፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ የአንድ ብርቱካን ጭማቂ ከውሃ ጋር ተደምሮ 270 ሚሊ ሊትር፣ የብርቱካኑ ልጣጭ ተፍቆ።

ወፍራም ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ከፍታ ያለው ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ይነጠፋል። በላዩ ሦስት እኩል ጠጠር እንደ ጉልቻ ይቀመጣል፤ መጋገሪያው አሸዋውን ከነካ ሥሩ ያራል። ቴፍሎን ድስት ለዚህ አይሆንም፤ ባዶውን ሲግል ሽፋኑ ይበላሻል። ድስቱ ተከድኖ 10 ደቂቃ ይጋል። ደረቁና ፈሳሹ የሚቀላቀሉት ድስቱ ከጋለ በኋላ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ ውሃ እንደነካው መሥራት ስለሚጀምር ሊጥ ሠርቶ ድስት መጠበቅ ትርፉ ድርቅ ያለ ኬክ ነው። ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰል ይቁም፤ ሲበዛ ይጎተታል። ሊጡ ከመጋገሪያው ግማሽ አይለፍ። ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ካልሆነ እንፋሎቱ ላዩ ላይ እየተንጠባጠበ መሐሉን ያረጥበዋል። የጨርቁ ጫፍ ወደ ላይ ይታሰር እንጂ ወደ እሳቱ አይንጠልጠል። ከዚያ በዝቅተኛ እሳት ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃ ክዳን አይነሳም።

ኬክ ሲጋገር ተነስቶ ተነስቶ መሐሉ የሚሰምጥበት ምክንያትም በሥልጠናው ይነገር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ቀላል ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይሰፋል፤ ዱቄቱ ሳይጸና ኬኩ ያብጥና መልሶ ይወድቃል። የውጭ አሠራር አይቶ የሚሠራ ሰው ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ፣ ስኳሩን በትንሹ ይቀንስ፤ ፈሳሹን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምር። ከላይ ያለው መጠን ይህን አስቦ የተሠራ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦ እደግፋለሁ። ስለ ወጪው አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ ላይ ዋጋ በብር አንጻፍ፤ ጉባኤው እስኪደርስ ይለወጣል። የገዛነውን ሳይሆን የተጠቀምነውን በክፍልፋይ እናስቀምጥ። ለዚህ ኬክ ዱቄቱ ሩብ ኪሎ ነው፤ ስኳሩ ከኪሎ አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው፤ አንድ ሊትር ዘይት ለ12 ኬክ ይበቃል። አባሏ የዕለቱን የሱቅ ወይም የሸማቾች ዋጋ ታባዛለች፣ አለቀ። የመብራቱ ወይም የከሰሉም ወጪ ይቆጠር፤ ለአንድ ሰዓት የሚነድ ነገር በነጻ አይደለም።

የብሎክ 8 ተወካይ፦ ሂሳብ ያዣችን ጥሩ ብለዋል፤ ግን ሩብ ኪሎን ሚዛን የሌለው እንዴት ይለካዋል? «አንድ ብርጭቆ» ሲባልም የማን ብርጭቆ እንደሆነ አይታወቅም። ማህበሩ አንድ ሚዛን ይግዛ። እያንዳንዷ ሠልጣኝ ከቤቷ የምትጠቀምበትን ብርጭቆ ይዛ ትምጣ፤ 250 ግራም ዱቄትና 180 ግራም ስኳር በብርጭቆዋ ስንት ሞልቶ የት ላይ እንደሚደርስ ለክታ፣ ፕላስተር ለጥፋ ትመለስ። ከዚያ በኋላ ሚዛን አያስፈልጋትም።

የብሎክ 33 ተወካይ (ወተት አከፋፋይ)፦ ክሬም ካራሜሉ ይቆይ፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፣ ለስድስት ሰውም 3 እንቁላል ብቻ ነው የሚፈልገው። ነገር ግን ጥንቃቄው በደንብ ይጻፍ። ከሰንዳፋም ይምጣ ከሱሉልታ፣ ጥሬ ወተት አስቀድሞ ይፈላና ይቀዝቅዝ። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት በደንብ አይረጋም፤ ጥፋቱ የሠሪዋ አይደለም።

75 ግራም ስኳር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር በዝግታ ይቅለጥ፤ ማንኪያ አይግባበት፣ ዕቃው ብቻ ይወዝወዝ። ሲማሰል ስኳሩ መልሶ ይጠጥራል። መልኩ ቀይ ሻይ ሲመስል ይውረድ፤ ቡና ከመሰለ መሮአል። ወዲያው በመሥሪያው ሥር ይፍሰስ። ከዚያ 500 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 3 እንቁላል እና 80 ግራም ስኳር አረፋ ሳያወጡ ተዋህደው በማጥለያ ይለፉ። ወተቱ እንደፈላ ትኩሱን ከገባ እንቁላሉ እዚያው ፍርፍር ይሆናል። መሥሪያው ተከድኖ ሥሩ ጨርቅ በተነጠፈበት ድስት ውስጥ ይግባ፤ ውሃው እስከ ግማሹ ይድረስ።

አሁን ዋናው፦ ውሃው መንተክተክ የለበትም። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ «አይጎዳውም» የሚሉ አሉ፤ ይጎዳዋል። እንቁላሉ ከዚያ በታችም ይኮማተርና ውሃውን ይተፋል፤ ሲቆረጥ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ በኋላ ዳሩ ጸንቶ መሐሉ በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ይውጣ፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ፍሪጅ ያለው ያሳድረው። የሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ያቀዝቅዘው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ይበላ፤ ለነገ አይተርፍም።

የብሎክ 27 ተወካይ፦ የዳቦ ፑዲንጉም በዚሁ የውሃ ድስት ይሠራ፤ 300 ግራም የደረቀ ዳቦ፣ 600 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 90 ግራም ስኳር፣ ቀረፋ። ዳቦው 20 ደቂቃ ይንከር እንጂ ቶሎ አይግባ፤ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። የሻገተ ዳቦ ግን ሻጋታው ቢፋቅም አይሆንም፣ ይጣል።

የብሎክ 8 ተወካይ፦ ከአራቱ ሁለቱ የጾም ይሁኑ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲደመር ወተትና እንቁላል የማይገባበት ቀን ብዙ ነው። በኩኪሱ ቦታ የኦቾሎኒ ከረሜላ ይግባ፦ 200 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ፣ 150 ግራም ስኳር፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚ፤ ስኳሩ ቀልጦ ሲቀላ ኦቾሎኒው ገብቶ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ሳይቀዘቅዝ ይዳመጥ፣ ለብ እያለም ይቆረጥ። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ፍሬ ተለቅሞ ይውጣ። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ በዚያ እሑድ ሕጻናት ወደ ምድጃው አይቅረቡ።

ሰብሳቢ፦ ተስማምቻለሁ። ሁለት ነገር ይታከልበት። መብራት በመሐል ከጠፋ ምን ይደረጋል? ከሰልስ የት ይነዳል?

የብሎክ 27 ተወካይ፦ ኬኩ ገና ካልጸና የሚያድነው ድስቱን እንዳለ፣ ሳይከፍቱ፣ ወደ ተዘጋጀ ከሰል ማዛወር ነው። ዳሩ ጸንቶ ከሆነ የአሸዋው ሙቀት ይጨርሰዋል፤ ክዳኑ አይነሳ፣ 20 ደቂቃ ይታገሥ። ከሰሉ ግን ሁልጊዜ ደጅ ይሁን። በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይህን በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በደማቁ ጻፉልኝ።

ፀሐፊ፦ ተስተካክሏል። አንደኛ እሑድ የድስት ኬክ፣ ሁለተኛ የኦቾሎኒ ከረሜላ፣ ሦስተኛ ክሬም ካራሜል፣ አራተኛ የዳቦ ፑዲንግ። ከማህበሩ የሚጠየቀው አንድ ሚዛን፣ ሦስት ወፍራም ድስት ከነክዳኑ፣ የአራቱ እሑድ አስቤዛና ሁለት ጆንያ ከሰል ነው። የከሰል ማስጠንቀቂያው ከርዕሱ ሥር ገብቷል።

የብሎክ 33 ተወካይ፦ አሸዋውን የእኛ ብሎክ ያጥባል። ግን እስከ ሐሙስ ይድረሰን፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ካላገኘ እርጥበቱ ድስቱ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል።