ታይላንድ ወይስ ማሌዥያ?

ጥያቄ፦ ሥራዬ በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያዬ ከአውሮፓ ይመጣል። የያዝኩት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ለመኖር ባንኮክ ይሻላል ወይስ ኩዋላ ላምፑር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባንክ ሒሳብህን እይ። የታይላንድ ዲቲቪ ቪዛ (በርቀት ለሚሠሩ የሚሰጠው) 500,000 ባት ተቀማጭ ይጠይቃል። 5 ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ መግቢያ የሚፈቀደው ግን 180 ቀን ነው። ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ 180 ቀን ከሞላህ ለግብር እንደ ነዋሪ ትቆጠራለህ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ያገኘኸውን የውጭ ገቢ ወደ አገሩ ስታስገባ ግብር ሊመጣብህ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ተቀማጭ ከሌለህ የማሌዥያው ዴ ራንታው (በኢንተርኔት ለሚሠሩ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ) ይቀልሃል። የቴክኖሎጂ ባለሙያ ከሆንክ በዓመት ከ24,000 ዶላር በላይ ገቢ ማሳየት ነው። እንግሊዝኛም በሰፊው ይነገራል፤ የቤት ኪራይ ውል ስትፈርም ትልቅ እፎይታ ነው።

መልስ 3፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዳትረሳ! ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሁለቱም አገሮች ይጠይቃሉ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመህ ተከተብ።