የተኩስ ክለቡ ገንዘቤን ተቀብሎ አላስተኩስ አለኝ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ መሣሪያ ግን የለኝም። የኢላማ ተኩስ ልማር ብዬ አንድ ክለብ ውስጥ የዓመት አባልነት በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። የመዘገበኝ ልጅ "መሣሪያ እዚሁ ትከራያለህ፤ ለጀማሪ .22 (ትንሽ ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ) ይበቃሃል" አለኝ። የጆሮ መከላከያና መነጽር ገዝቼ ሄድኩ።

ሌላ ሠራተኛ ተቀበለኝ። የራሱ መሣሪያ ለሌለውና ብቻውን ለመጣ ሰው አናከራይም አለ። ደንቡ ሰው ራሱን እንዳያጠፋ ተብሎ የወጣ ነው፤ ብዙ የተኩስ ቦታዎች አላቸው፤ በሱ ቅር አይለኝም። ግን ገንዘቤን ሲቀበሉ አፋቸው ምን ያዘው? ጓደኛዬን ይዤ ስመለስ ደግሞ "መጀመሪያ የደህንነት ትምህርት ውሰድ" ተባልኩ። ትምህርቱ ሞልቷል። ስደውል ማናጀሩ የለም። ኢሜይል ስጽፍ "መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል የማሽን መልስ ብቻ ይመጣል።

ሰርዙልኝ ስላቸው የፈረምኩትን ውል አወጡ፤ ገንዘብ አይመለስም ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ትምህርቱም ሆነ ብቻን ስለ መምጣት አንድ መስመር የለበትም።

በካርድ የተከፈለበት አገልግሎት በስምምነቱ መሠረት ካልተሰጠ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ግን ክፍያው ያለበት የካርዱ የሂሳብ መግለጫ ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ የኔ ሊያልቅ ተቃርቧል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ "ገንዘብ አይመለስም" የሚል ውል ፈርሜ እያለ ባንኩ አቤቱታዬን ይቀበለኛል?