ጉም ስጨምር ፀሐይዋ ጠፋችብኝ፦ ፋሲል ግቢ በብሌንደር

የቀሃው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፋሲልን ግንብ በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር) በእውነተኛ ልኩ ሠርቻለሁ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው አራቱ ጉልላቶች ሳይቀሩ። የምፈልገው የሐምሌን ማለዳ ነው፦ ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ሲታይ ጉሙ ከታች ተኝቶ ማማዎቹ ብቻ ብቅ ሲሉ። ሬንደር የማደርገው (ምስሉን የማወጣው) ብርሃኑን በሚያሰላው በሳይክልስ ነው። ወርልድ (ትዕይንቱን የሚከበው ሰማይ) ላይ ጉም የሚሠራውን ፕሪንሲፕልድ ቮልዩም ሳስገባ ሁሉም ጨለመ፣ ፀሐይም የለ፣ ግንብም የለ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ፒያሳ ሬንደር፦
ዴንሲቲው (የጉሙ ውፍረት) 1 ላይ ነው ያለው፣ ቀንሰው።

አዘዞ፦
መቀነሱ ብቻ አያድነውም። ወርልድ ላይ የገባ ጉም ዳርቻ የለውም፤ ፀሐይና ሰማዩ ደግሞ ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ ስለሚቆጠሩ ብርሃናቸው ሳይደርስ ያልቃል። ጉሙን ከዚያ አውጣና ግቢውን የሚሸፍን ኪዩብ (ሳጥን) ውስጥ ክተተው። የኪዩቡን ሰርፌስ (የውጭ ገጽ) ንቀል፣ ቮልዩም (ውስጡን የሚሞላው) ብቻ ይቅር።

ዴንሲቲን በሜትር አስበው። 0.01 ብትል 100 ሜትር ጉም አቋርጦ የሚደርስህ ብርሃን 37 በመቶ ያህል ነው፤ 0.03 ብትል 5 በመቶ። 1 ላይ ከተውከው ከ5 ሜትር ማዶ የቆመ ሰው አይታይህም። ከለሩንም ወደ ነጭ አስጠጋው፤ ጉም የውሃ ነጠብጣብ ነው፣ ብርሃን ይበትናል እንጂ አይውጥም።

ዋናው ግን ከፍታው ነው። ኪዩቡን እንዲሁ ከተውከው ጉሙ አናቱ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የዚ ከፍታን (ወደ ላይ የሚለካውን) ቁጥርን ወደ ሌላ ልክ በሚቀይረው በማፕ ሬንጅ አሳልፈህ ከታች ወፍራም፣ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ አድርገው፤ በኖይዝ ቴክስቸር (የተዘበራረቀ ደመና መሰል ንድፍ) አባዛውና ዴንሲቲ ላይ ስካው።

አናይሶትሮፒን (ብርሃኑ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድላቱን) ከፍ አድርግ የሚሉህን አትስማ። እሱ የሚያምረው ፀሐይ ፊት ለፊትህ ስትሆን ነው። በሐምሌ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ጠጋ ብላ ትወጣለች፤ አንተ ደግሞ ከጎሃ ወደ ደቡብ ነው የምታየው፣ ስለዚህ ከግራ ትከሻህ ኋላ ናት። 0 አካባቢ ይበቃሃል።

ማራኪ፦
አሮጌ ላፕቶፕ ካለህ ሚስት ፓስ (ለጉም የሚሆን ለብቻው የሚወጣ ምስል) ለምን አትጠቀምም? ኮምፖዚተር (ምስሎች የሚደባለቁበት ክፍል) ላይ ታደባልቀዋለህ፣ ጊዜ አይፈጅም።

አዘዞ፦
እህቴ፣ ሚስት ፓስ የሚያውቀው ከካሜራው ያለውን ርቀት እንጂ ከፍታን አይደለም። ማማውንም እግሩንም እኩል ያለብስበታል። ከኋላ ላሉት ተራሮች ግን ጥሩ ነው፣ እዚያ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው።

የቀሃው ልጅ፦
ኪዩቡ ሠራ፣ ተባረክ! ፀሐይዋ ተመለሰች። አሁን ጉሙ ቀስ እያለ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ሌሊት ሬንደር ላይ እያለ መብራት ቢሄድስ?

አዘዞ፦
ኖይዙን ባለ አራት ዳይሜንሽን አድርገውና አራተኛውን፣ የደብሊው ቁጥሩን፣ በኪፍሬም (በየጊዜው ዋጋውን በመመዝገብ) አንቀሳቅሰው፤ በጣም ቀስ ይበል፣ ከፈጠነ ጭስ ይሆንብሃል። ቪዲዮ ብለህ አታውጣ፣ በፒኤንጂ ምስል በምስል አውጣ። ኦቨርራይትን (ያለውን ፋይል እንደገና መጻፍን) አጥፋው፤ መብራት ሲመጣ ያለቁትን ዘሎ ከቀረው ይቀጥላል። ፕሌስሆልደርስንም (ቦታ መያዣ ባዶ ፋይሎችን) አታብራ፣ አለዚያ መብራት የጠፋበትን ፍሬም (አንዱን ምስል) ባዶ ፋይል ትቶ እንዳለቀ ይቆጥርብሃል።