ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ነፋስ ምንድነው?

የሽምብጥ ልጅ፦ ጠዋት ጣና ዝም ብሎ ይተኛል። ከሰዓት ግን ሐይቅ ዳር ቡና ስንጠጣ ከውሃው በኩል ነፋስ ይመጣና ሶፍቱን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል። ለምን?

አባይ ማዶ፦ ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ቶሎ ታሞቀዋለች። መሬቱ ላይ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ታች ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል። ውሃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ግፊቱ ስለሚበልጥ ወደ ከተማው ይገፋል። አለቀ፣ ነፋስ ማለት ይኸው ነው።

ጎረቤት፦ ማታስ?

አባይ ማዶ፦ ይገለበጣላ! መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሆናል። ክረምት ላይ ከየዳርቻው የመጣው አየር ሐይቁ ላይ ሲገናኝ መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ እርጥበቱን ይዞ ይወጣና ደመና ይሆናል። ሌሊት ነጎድጓድ የምትሰሙትም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጎረቤት፦ ገባኝ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ በጠዋት የሚወጡት ለካ ወደው አይደለም።