ኩሬተር ለመሆን የግድ የሥነ ጥበብ ታሪክ መማር አለብኝ?

ጥያቄ፦ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ኩሬተር (ሥራዎችን መርጦ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ባለሙያ) ሆኜ መሥራት በጣም እፈልጋለሁ። የተማርኩት ግን ሌላ ነው። በሩ ተዘግቶብኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ታዋቂው ናይጄሪያዊ ኩሬተር ኦክዊ ኤንዌዞር የተማረው ፖለቲካል ሳይንስ ነው። ግጥም ይጽፍ ነበር፣ ከዚያ ስለ ሥነ ጥበብ መጻፍ ጀመረ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ትልልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽኖችን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀርመኑን ዶክመንታን፣ በ2015 ደግሞ የጣሊያኑን የቬኒስ ቢዬናሌን መራ። አንተም ዛሬውኑ መጻፍ ጀምር።

መልስ፦ እኔ ሥራው ላይ ነኝ። ሰው ሥዕል መስቀል ብቻ ይመስለዋል። ቀኔ የሚያልቀው ግን ከሌላ ሙዚየም ሥዕል ለመዋስ በመጻጻፍ፣ ኢንሹራንስ በመጨረስና ሥዕሉ በማን በማን እጅ እንዳለፈ በማጣራት ነው። ይሄኛውን በጣም እወደዋለሁ፣ የተዘረፈ ሥዕል የሚታወቀው በዚህ ነውና።

መልስ፦ የሙዚየም ዳይሬክተርነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ገንዘብ ማሰባሰብና ቦርድ ማሳመን ይበዛዋል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ! የመጀመሪያ ጽሑፌን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።