ድረ ገጽን ከራስ ኮምፒውተር ሲከፍቱ የሚመጣ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከመንዝ በግ ሱፍ በርኖስና ምንጣፍ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ማኅበር አነስተኛ ድረ ገጽ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ሥራው ገና ኢንተርኔት ላይ ስላልወጣ ፋይሎቹ በላፕቶፔ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ዋናውን ፋይል በክሮም ስከፍተው ጽሑፉም ፎቶውም በትክክል ይታያል፤ ከጄሰን ፋይል (መረጃ በጽሑፍ መልክ ከሚቀመጥበት ፋይል) ተነብቦ መምጣት የሚገባው የዋጋ ዝርዝር ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የአሳሹ የስህተት መልእክት ማሳያ የሆነው ኮንሶልም ጥያቄው በደኅንነት ደንብ እንደታገደ በቀይ ጽሑፍ ይገልጻል። አንድ ባልደረባዬ ክሮም የደኅንነት ቁጥጥሩን አጥፍቶ እንዲነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ ሰጥቶኝ ዝርዝሩ መጥቷል፤ ሆኖም ደኅንነት እንደሚጓደል የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከአናቱ ላይ አይነሣም። ገጹን መሐል ሜዳ ሄጄ ለማኅበሩ አባላት ማሳየት ስላለብኝ፣ በቦታውም ኢንተርኔት መኖሩን እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

በቅድሚያ ያንን ትእዛዝ ይተዉት፤ ኮድዎም ጥፋት የለበትም።

አሳሹ አንድ ገጽ የሌላውን መረጃ ማንበብ ይችል እንደሆነ የሚወስነው መነሻውን አይቶ ነው። መነሻ የሚባሉት ፕሮቶኮሉ፣ የአስተናጋጁ ስምና የፖርት ቁጥሩ (የአገልግሎቱ መግቢያ በር ቁጥር) በአንድነት ናቸው። ከፎልደር በቀጥታ የተከፈተ ፋይል አስተናጋጅም ፖርትም ስለሌለው፣ ክሮም እያንዳንዱን ፋይል ለሌላው ባዕድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን የጄሰን ፋይል እንኳ አያስነብበውም። በሞጁል መልክ የተጻፈ ጃቫስክሪፕትም በዚሁ ምክንያት አይነሣም። ፎቶ፣ ሲኤስኤስና ተራ ስክሪፕት ግን ስለማይከለከሉ ገጹ በከፊል ይሠራል፤ ብዙ ሰው ስህተቱን ከራሱ ኮድ ሲፈልግ የሚውለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በቴሌግራም የተላከልዎትን የኤችቲኤምኤል ፋይል ከዳውንሎድ ፎልደር ቢከፍቱት፣ እገዳው ባይኖር ኖሮ ፋይሉ አጠገቡ ያሉትን የባንክ ደረሰኞችና የመታወቂያ ቅጂዎች አንብቦ ለላኪው ሊያደርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ በላፕቶፕዎ ላይ ፋይሎቹን ለአሳሹ የሚያቀርብ አነስተኛ ሰርቨር ያስነሡ። ፓይተን 3 ተጭኖ ከሆነ አብሮት የሚመጣው የኤችቲቲፒ ሰርቨር ሞጁል ይበቃል፤ በትእዛዝ መስኮት ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ገብተው ካስነሡት በኋላ በአሳሹ «ሎካልሆስት:8000» ብለው ይክፈቱ፤ ሎካልሆስት ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው፣ 8000 ደግሞ ፖርቱ። ሁሉም ነገር በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚያልቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ገጹ ፎንት ወይም ላይብረሪ ከውጭ የሚጠራ ከሆነ ግን ደብረ ብርሃን ሳሉ አውርደው ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጡት። ይህ ሰርቨር ካልተገደበ በዚያው ዋይፋይ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ፎልደሩን ስለሚከፍት፣ የላፕቶፑ የራሱ የውስጥ አድራሻ በሆነው በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርገው ያስነሡት።

መልስ፦ ከደብረ ሲና

ፋየርፎክስ እንዲህ ያለውን ንባብ ይፈቅድ ነበር፤ ለምን በእርሱ አይከፍቱትም?

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ይፈቅድ የነበረው በአንድ ፎልደር ላሉ ፋይሎች ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 68ኛው እትም ጀምሮ ቀርቷል።

ጠያቂው፦ ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዝርዝሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ መጥቷል። አሁን የቀረው ስልክ ነው። ሰርቨሩን ለዋይፋዩ ከፍቼ በ192.168 በሚጀምረው የላፕቶፔ አድራሻ በስልክ ስሞክረው «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ይላል፤ ወደ መሸጫው መንገድ የሚጠቁመው አዝራርም የቦታ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ ይቀራል።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

ሎካልሆስት ላይ መረጃው ከማሽኑ ስለማይወጣ አሳሾች ግንኙነትን በሚመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ባይከፈትም አስተማማኝ አድርገው ይቀበሉታል። የዋይፋዩ አድራሻ ግን የራስዎ ቤት ቢሆንም መረጃው ሳይመሰጠር በኔትወርክ ላይ የሚያልፍበት ነው፤ ክሮምም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ላለ ገጽ የቦታ መረጃ አይሰጥም።

ገጹ በኤችቲቲፒኤስ እንዲከፈት ኤምኬሰርት በተባለው መሣሪያ የራስዎን ሰርተፍኬት ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሆኖም ስልኩ ያንን እንዲያምን የሚያደርገውን ሥር ሰርተፍኬት በእያንዳንዱ ስልክ ላይ መጫን ይጠይቃል። በአባላቱ ስልክ ላይ እንዲጭኑት ፈጽሞ አልመክርዎትም፤ የሥር ሰርተፍኬቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ በክፉ ሰው እጅ ቢገባ በእነዚያ ስልኮች ላይ ማንኛውንም ድረ ገጽ፣ የባንክ ገጽ ጭምር፣ አስመስሎ ማቅረብ ይቻላልና።

ለማሳየት ብቻ ከሆነ የራስዎን አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ። በስልኩ የገንቢዎች አማራጭ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግን ከፍተው፣ በላፕቶፑ ክሮም የኢንስፔክት ገጽ (chrome://inspect) ላይ በፖርት ፎርዋርዲንግ፣ ማለትም የስልኩን ፖርት ወደ ላፕቶፑ በሚያሻግረው አማራጭ፣ 8000ን ወደ «ሎካልሆስት:8000» ይምሩት። ከዚያ በስልኩ ክሮም ያንኑ አድራሻ ሲከፍቱ ማስጠንቀቂያው አይኖርም፤ አዝራሩም የቦታ ፈቃድ ይጠይቃል። ካርታው ራሱ ግን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ያን ክፍል በፎቶ ቢተኩት ይሻላል። ገመዱም ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን አስቀድመው ይሞክሩት፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ከሆነ ላፕቶፑ ስልኩን አያየውም።