የዲቪዲና የቪኤችኤስ ከቨር ባሕር ዳር ላይ የት ይሠራ? (ጥቆማ)

የድሮ ፊልም የምንሰበስብ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ችግራችን ግን ተመሳሳይ ነው። ዲስኩ አለ፣ ከቨሩ የለም። ወይ ከቨሩ አለ፣ እርጥበት ገብቶበት ተጨማዷል። የፊልም ማከራያ ቤቶች ከቨሩን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ካሴቱን በባዶ ማቀፊያ ያከራዩ ስለነበር፣ ቤቶቹ ሲዘጉ ብዙ ከቨርና ካሴት ሳይገናኙ ቀሩ። ስለዚህ እዚሁ ከተማችን ያሉትን አማራጮች ላወዳድርላችሁ። የሱቅ ስም አልጠራም፤ ባለሙያው ሲለቅ ጥራቱም አብሮ ይሄዳል። ዋጋም አልጽፍም፤ የዛሬው ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ከቤት ሳትወጡ ልኬቱን ያዙ። የተለመደው የዲቪዲ ኬዝ ከቨር ሲዘረጋ 273 በ183 ሚሊሜትር ነው። ፊቱና ጀርባው እያንዳንዳቸው 129.5፣ ጎኑ 14። ኤፎር ወረቀት 297 በ210 ስለሆነ ሙሉ ከቨሩ አንድ ኤፎር ላይ ይወጣል፤ ዙሪያውንም ከአንድ ሳንቲም በላይ ይተርፋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስከ ጠርዝ ማተም የማይችል ተራ ፕሪንተርም ይሠራላችኋል ማለት ነው። የሙዚቃ ሲዲና የቪሲዲ ጠንካራ ኬዝ ፊቱ 120 በ120 ነው፤ ጀርባው ደግሞ በሁለት በኩል ከሚታጠፈው ጎን ጋር 151 በ118። የብሉ ሬይ ኬዝ ከዲቪዲው አጠር ይላል፤ የጎኑም ስፋት ስለሚለያይ የራሳችሁን ለኩ። የቪኤችኤስ ካሴት ራሱ 187 በ103 ሆኖ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፎቶ ቤት ነው። ለዲቪዲ ከቨር አልመክርም። ቀለሙ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ችግሩ ወረቀቱ ነው። የፎቶ ወረቀት ወፍራም ስለሆነ ጎኑ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ኬዙ ላይ ያለችው ስስ ፕላስቲክ ውስጥም በግድ ነው የሚገባው። ኬዙ ከዚያ በኋላ በደንብ አይዘጋም። የሲዲ ፊት ብቻ ከሆነ ግን፣ መታጠፍ ስለሌለበት፣ ፎቶ ቤት ጥሩ ነው።

ማስታወቂያና ባነር የሚሠሩት ጋ ስቲከር ላይ ላሳትመው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። አይሆንም ወንድሜ። ስቲከሩ ለባጃጅ የተሠራ ነው፣ ፀሐይና ዝናብ ይችላል። ግን በቅርብ ለሚታይ ትንሽ ጽሑፍ አይመችም፤ ጀርባው ላይ ያለው የተዋንያን ዝርዝር ይጨፈለቃል። ኬዙ ላይ ከለጠፋችሁት ደግሞ ቢበላሽ መቀየር የለም።

ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች ለአንድና ለሁለት ቅጂ አይሆኑም። የሚሠሩበት ኦፍሴት ማሽን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል። አራት ቀለም፣ አራት ፕሌት። የራሱን ፊልም በብዛት አሳትሞ የሚሸጥ ሰው ካለ ግን ወደዚያ ይሂድ፤ ከአንድ ቅጂ ወደ ሌላው ቀለሙ የማይለዋወጠው እዚያ ነው።

እኔ ለከቨር የምመርጠው ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱ የሆነው ፔዳ ግቢ አካባቢ ያሉትን የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ነው። ሌላው ግቢ፣ ፖሊ በኩልም አሉ። ለተማሪ የሚሠሩ ስለሆኑ ጥሩ የከለር ሌዘር ፕሪንተር ያላቸው አይጠፉም። የሌዘር ቀለም በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚቀልጥ ዱቄት ስለሆነ እርጥብ ጣት ቢነካው አይፈስም። ርካሹ የኢንክጄት ቀለም ይፈሳል፣ በብርሃንም ቶሎ ይደበዝዛል። ወረቀቱን ከ115 እስከ 150 ግራም ያለ አርት ፔፐር በሉ። ከሌላቸው ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከማጠፋችሁ በፊት በማስመሪያና በማይቆርጥ ነገር፣ ለምሳሌ ባለቀ እስክሪብቶ፣ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩበት። አለዚያ የሌዘሩ ቀለም ጎኑ ላይ ይፈረፈራል።

እዚህ ቤት የምትሄዱት በፒዲኤፍ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው በአማርኛ ፊደል ምክንያት ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ርዕስ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ምስሉንም በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል። ለሙሉ የዲቪዲ ከቨር 3,200 በ2,160 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ስክሪን ላይ ያያችሁት ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ ወረቀት ላይ ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል። ሰማይና ጣና የሞላበት ከቨር ከሆነ መጀመሪያ አንድ ናሙና አሳትሙ።

ስለ ጎኑ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ፊቱ የሚታየው እጅ ላይ ሲሆን ነው። መደርደሪያ ላይ የሚታየው ጎኑ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የአሜሪካው ፊልም አሳታሚ ክራይቴሪየን ጎኑ ላይ ቁጥር ስለሚያደርግ ሰብሳቢው ቁጥር የጎደለበት መደርደሪያ ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ብልጠት ነው። የእኛ አገር ቪሲዲዎች ግን ጎናቸው አንዳንዴ ባዶ ነው፣ አንዳንዴ ርዕሱ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ አንዳንዴ ከታች ወደ ላይ። አንገት ያጣምማል። ራሳችሁ ስታሠሩ ሁሉንም ከላይ ወደ ታች አድርጉት። እንዲህ ከሆነ ኬዙ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ የጎኑ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ከሁሉም በላይ የምጠቁማችሁ ግን ጠራዦቹን ነው። አዎ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በጠንካራ ሽፋን የሚጠርዙት። ወፍራም ካርቶን አላቸው፣ ሽፋኑ አላቸው፣ ወርቃማ ፊደል የሚያትሙበት መሣሪያም ያላቸው አሉ። ውጭ አገር ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበት ማቀፊያ ሳጥን ከዚህ የተለየ ዕቃ የለውም። እስከማውቀው ሥራውን ጠይቋቸው የሚሄድ ሰው ስለሌለ ብቻ ነው የማይታወቁት። አምስት ዲቪዲ በአንድ ሳጥን ከፈለጋችሁ አምስት ጊዜ 14፣ 70 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ጨምሩበት። ልኬቱን በቃል አትንገሩ፤ ዲቪዲዎቹን ራሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ። አፉ ላይ በግማሽ ክብ ጣት ማስገቢያ እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ፣ አለዚያ ሳጥኑን ገልብጣችሁ ስታራግፉ ትኖራላችሁ። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን ላይ ወርቃማው ጽሑፍ ይወጣል፤ አረንጓዴው ግን መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይሸታል። የመመረቂያ ሰሞን አትሂዱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰልፉ የተማሪ ነው፣ የእናንተን ሳጥን በችኮላ ነው የሚሠሩት።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በቆዳ አሠራ። የዳዊት ማኅደር ከሚሰፉት ዘንድ ሄዶ፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ ከረጢት ለአንድ ፊልም ብቻ። ሲያዩት ያስቀናል። ግን የቆዳው ሽታ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ክረምት ላይም እርጥበት ይይዛል። ለአንድ በጣም ለምትወዱት ነገር ይሁን። ከደንገል የተሠራ ሳጥን የጠየቃችሁኝ ሰዎች፦ ለታንኳ ይሁን።

ከቨሩ ጭራሽ ከሌለና ኢንተርኔት ላይም ካልተገኘ፣ አዲስ አስሉ። ለጎብኚ ብራና ላይ የሚስሉ ልጆች ከተማው ውስጥ አሉ። ፖስተር ኮርጁልኝ አትበሏቸው፣ ይሰለቻሉ፣ ሥዕሉም ሕይወት አይኖረውም። ታሪኩን ንገሯቸውና አንድ ትዕይንት ብቻ ስጧቸው። የከቨሩን ፊት ሁለት እጥፍ አድርገው፣ ወደ 26 በ37 ሳንቲሜትር፣ ይሳሉት፤ ሲያንስ ይጠራል። እኔ ላሠራሁት ፊልም ሠዓሊው ጀግናዋን ፊት ለፊት፣ ተንኮለኛውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ሣለልኝ። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳውን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚታየው። የድሮ ቪሲዲ ከቨሮቻችን ዘጠኝና አሥር ፊት በዝና ቅደም ተከተል ከሚደረድሩ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

ስለ ማስቀመጥ ባጭሩ። ሐይቁ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ካርቶን ያብጣል፣ የቪኤችኤስ ክር ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። ካሴቱን አቁማችሁ አስቀምጡ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉ። ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያም አይሆንም። የፀጉር ቤት መስኮት ላይ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ የቀረ ፖስተር አይታችኋል አይደል? ቢጫውና ቀዩ ነው መጀመሪያ የሚሄደው።

ኮፒ ቤቱ አልሠራም ካላችሁ አትቀየሟቸው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ፊልም ብቻ ሳይሆን ፎቶና ሥዕልም የባለቤቱ ናቸው፤ ለሽያጭ የሚቀዳ ሰው መስሏችሁ ይፈራሉ። ኦርጅናል ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይፈታል።

ባዶ ኬዝ ከየት ይመጣል ላላችሁት፦ አዲስ ከመፈለግ የማትፈልጉትን ፊልም ኬዝ ውሰዱ። ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ጋ በክምር ይገኛል፤ ማጠፊያውና መሐሉ ላይ ያለው ዲስክ መያዣ ጥርሱ ያልተሰበረውን ምረጡ። ቪሲዲ ከሆነ የሁለት ዲስክ ኬዝ ነው የምትፈልጉት፤ አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ሙሉ ፊልም ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሏል። የዋጋ ስቲከር ሙጫ ካለበት የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ትንሽ አቆዩትና በሳሙና እጠቡት። ቤንዚን እንዳታስነኩት፣ በተለይ ጠንካራውንና ጥርት ያለውን የሲዲ ኬዝ፤ ይደፈርስባችኋል።